የኪሊፊሽ ዕንቁላል መቼ ውሃ ይነካል? ለጀማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

የጻፉልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። በሜሪላንድ ይኖራሉ። እርጥብ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ተክል) ውስጥ የተቀበረ፣ ኖቶብራንኪየስ ጉንተሪ የተባለ የኪሊፊሽ ዓሣ ዕንቁላል በሁለት ከረጢት ሆኖ በፖስታ ደርሶዎታል፤ ከረጢቶቹም ላይ «12 ሳምንት» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ከረጢት ልክ 12ኛው ሳምንት ሲሞላ ውሃ ውስጥ ጨመሩት። ከ30 የማያንሱ ጫጩቶች ተፈለፈሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ከወለሉ መነሣት አቅቷቸው በሆዳቸው ሲንፏቀቁ ሞቱ። መዋኘት የቻሉት ጥቂቶችም ደረቅ የዓሣ ምግብ አድቅቀው ቢነሰንሱላቸውም በአራተኛው ቀን አለቁ። አሁን ሁለተኛው ከረጢት በእጅዎ አለ፤ «ይህንንም እንዳላጠፋው ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት ሁለተኛውን ከረጢት ዛሬ ውሃ እንዳያስነኩት ነው። ቀኑ ስላለፈ ተቻኩለው ይሆናል፤ ሆኖም ከረጢቱ በሚገባ ከተያዘ ተጨማሪ ሁለትና ሦስት ሳምንት አይጎዳውም፤ ያለጊዜው የገባ ውሃ ግን ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል። የመጀመሪያው ከረጢት የጠፋው በቸልተኝነት አይደለም። የተጻፈውን ቀን አክብረው ነው የሠሩት፤ ነገር ግን ያ ቀን ግምት እንጂ ቀጠሮ አለመሆኑን የነገረዎት ሰው አልነበረም። ለእኔ የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዕንቁላሉ መድረሱ የሚታወቀው ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ቀን ሳይሆን ዕንቁላሉ ውስጥ ካለው ጫጩት ዐይን ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ዓሣው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይረዳል። ጉንተሪ የዛንዚባር ዓሣ ነው። የሚኖረው ዝናብ በሚሞላቸውና ዝናቡ ሲያቆም በሚደርቁ ኩሬዎችና ረግረጎች ውስጥ ነው። በዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ኩሬው ሲደርቅ ትልልቆቹ ዓሦች በሙሉ ይሞታሉ፤ ዘራቸው ግን ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ለዚህም ዕንቁላሉ በሦስት የዕድገት ደረጃዎች ላይ ቆሞ ማረፍ ይችላል። የመጀመሪያው ዕረፍት ገና ሕዋሳቱ በአስኳሉ ላይ ተበትነው ሳሉ፣ ሁለተኛው ጫጩቱ ልብና የአንጎል መነሻ ካበጀ በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጫጩቱ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ለመፈልፈል ውሃ ብቻ ሲቀረው ነው። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተጣሉ ዕንቁላሎች እንኳ እኩል አያርፉም፤ አንዱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ለወራት ሲቆም ሌላው ሳይቆም ያልፈዋል። ይህ የዝርያው መድኅን ነው። ያለወቅቱ የጣለ አንድ ዝናብ ሁሉንም አፈልፍሎ ኩሬው ወዲያው ቢደርቅ ዘሩ በሙሉ ይጠፋ ነበርና።

በዚህ ላይ ሙቀት ይጨመርበታል። «12 ሳምንት» የሚለው ልምድ ከረጢቱ በ23 ወይም በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀመጥ የሚሠራ ነው። እርስዎ ግን ከረጢቶቹን ያኖሩት ምድር ቤት ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሆነና በብርዱ ወራት እዚያ ያለው ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ እንደሚወርድ ጽፈዋል። በዚያ ቅዝቃዜ ዕድገቱ በጣም ይዘገያል፤ ብዙ ዕንቁላሎችም ሁለተኛው ዕረፍት ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ከረጢት ውሃ ያገኙት ጫጩቶች ከፊሎቹ ጊዜያቸው ያልደረሰ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ላክል፤ የምጽፈው ለሁሉም ኪሊፊሽ አይሠራም። ስሙ ወንዝ ወይም ጅረት ከሚል የደች ቃል የመጣ እንጂ ከመግደል ጋር የሚያያዘው ነገር የለም፤ በስሙ የሚጠሩት ዝርያዎችም ብዙና የተለያዩ ናቸው። በአገራችን እንኳ ሁለት ዓይነት አኗኗር እናገኛለን። በ2009 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀው ኖቶብራንኪየስ ኑባኤንሲስ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የተገኘ ሲሆን፣ እንደ ጉንተሪ ሁሉ ዘሩን ጭቃ ውስጥ የሚያስቀምጥ ነው። በሌላ በኩል በአፋር ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው ጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ የሚኖረውና አበበ ጌታሁን ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የገለጹት ትንሽ ዓሣ፣ ሐይቁ ስለማይደርቅ ዕንቁላሉን ደረቅ ጭቃ ውስጥ ማስጠበቅ አያስፈልገውም። ከመግዛትዎ በፊት ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ለጀማሪ የምመክረው የናይጄሪያና የካሜሩን ተወላጅ የሆነውን ፉንዱሎፓንቻክስ ጋርድነሪ ነበር፤ ዕንቁላሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኖ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይፈለፈላልና። ቢሆንም ጉንተሪም ከኖቶብራንኪየስ ወገን ጠንካራው ስለሆነ ምርጫዎ ክፉ አይደለም።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንመለስ። በቀን ብርሃን፣ ነጭ ሳህን ላይ አንድ ጭብጥ ፒት ሞስ ያፍስሱና በእርጥብ ቀጭን የቀለም ብሩሽ ቀስ እያሉ ይበትኑት። ፒቱ ተጨምቆ ካለቀ የቡና አተላ ጋር ሊመሳሰል ይገባዋል፤ በጣት ሲጫኑት ይርጠባል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። ዕንቁላሎቹ የጤፍ ፍሬ ያህል፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ክብና የማር ቀለም ያላቸው በመሆናቸው ዐይን ሲለምዳቸው ከቡናማው ፒት ይለያሉ። ነጭ ሆነው የደፈረሱ ወይም ጸጉር ያበቀሉትን ለቅመው ይጣሉ፤ ሞተዋል። ከቀሩት ውስጥ አሥር ያህል መርጠው አሥር ጊዜ በሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይመልከቷቸው። ውስጡ ጥርት ያለና ዘይት የመሰሉ ነጠብጣቦች ብቻ የሚታዩበት ዕንቁላል ገና በመጀመሪያው ዕረፍት ላይ ነው። ቀጭን ግልጽ ክር የመሰለ ጫጩት አስኳሉን ሲያቅፍ ከታየ ሁለተኛው ላይ ነው። ሁለት ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ዐይኖቹ ተሠርተዋል፤ ሆኖም ይህም አይበቃም፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የደረሰ ዕንቁላል ጫጩቱ ውስጡን ሞልቶት፣ ጅራቱ በራሱ ላይ ታጥፎ፣ የዐይኑ ጥቁር ብሌን ዙሪያም የወርቅ ቀለበት እንደተደረገበት ሲያብረቀርቅ ይታያል። ትንሽ ታግሠው ካዩ ዐይኑ ሲዞር ያዩታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከአንዲት ቅንጣት ውስጥ አንድ ፍጥረት መልሶ ያየኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከአሥሩ ሰባት ወይም ስምንት የወርቅ ቀለበት ካላቸው ጊዜው ደርሷል። ግማሾቹ ከሁለተኛው ደረጃ ካልወጡ ግን ከረጢቱን መልሰው ይዝጉት፤ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ በሚሞቅ ብርሃን ያለበት ስፍራ፣ ነገር ግን ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያስቀምጡትና በየሳምንቱ ይመርምሩት። ሙቀትና ብርሃን ያረፉትን ያነቃቸዋል። በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ያያሉ።

እስከዚያው የምግቡን ጉዳይ ይጨርሱ። የዋኙትን ጫጩቶች የገደላቸው ረኀብ ነው። ጉንተሪ ሲፈለፈል የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ ምግብ መሆኑን አያውቅም፤ የተነሰነሰው ዱቄት ወለሉ ላይ በስብሶ ውሃውን መርዟል እንጂ የአንዱም ጫጩት ሆድ አልገባም። የሚያስፈልገው በሕይወት ያለ፣ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ነው፤ እርሱም ከጨው ሐይቆች የሚሰበሰብና ዕንቁላሉ እንደ አሸዋ ደርቆ በቆርቆሮ የሚሸጥ ጥቃቅን የውሃ እንስሳ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ያሟሙ፤ የአርቴሚያውን ዕንቁላል ሩብ የሻይ ማንኪያ ይጨምሩበት፤ ከአየር ፓምፕ የሚመጣው ቱቦ ከሥሩ ሳያቋርጥ እንዲያፍለቀልቀው ያድርጉ፤ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀትም መብራት አጠገብ ያኑሩት። በ24 ሰዓት አካባቢ ብርቱካንማ ደመና የመሰለ ነገር ይታይዎታል። አየሩን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ሲጠብቁ ባዶ ቅርፊቶቹ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የተፈለፈሉት ደግሞ ብርሃን ወዳለበት ይሰበሰባሉ። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ስበው በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥልሏቸው፤ በንጹሕ ውሃም ያለቅልቋቸው። ቅርፊቶቹ አብረው እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ የጫጩቱን አንጀት ሊዘጉት ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ዓሣው ከመፈልፈሉ ከአንድ ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ሠርተው ይሞክሩት። የተገዛው አርቴሚያ ያረጀ ሆኖ ጭራሽ የማይፈለፈልበት ጊዜ አለ፤ ይህንን ጫጩቶች እየተራቡ ሳለ ከማወቅ የከፋ ነገር የለም። ፈተናው ከተሳካ ዋናውን የአርቴሚያ ጠርሙስ ፒቱን ውሃ ውስጥ በሚጨምሩበት ዕለት ይጀምሩት፤ የሚደርሰው ጫጩቶቹ በሚራቡበት ሰዓት ነው።

ውሃ ወደ መጨመሩ ስንመጣ፣ የመጀመሪያውን ከረጢት 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ እንዳደረጉት ነግረውኛል። ይህም ከጉዳቱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ጫጩቱ እንደ ተፈለፈለ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ ለመዋኘት የሚረዳውን በሆዱ ውስጥ ያለ የአየር ከረጢት መሙላት አለበት፤ ለደካማ ጫጩት ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ረጅም ጉዞ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ፣ ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ የፕላስቲክ ሳህን ያዘጋጁ። ፒቱን ሙሉውን ያፍስሱበትና ከላዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ ቀስ አድርገው ይጨምሩ፤ ጥልቀቱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር አይለፍ። በእጅዎ በስሱ ያማስሉትና ይተዉት። ቀዝቃዛው ውሃ የዝናብን መምጣት ይመስለዋል፤ በኋላ ውሃው በራሱ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለሳል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ማስወገጃ መጨመር ግዴታ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከክሎሪን ይልቅ ክሎራሚን ስለሚጨመር፣ እንደ ድሮው ውሃውን በባልዲ ማሳደር ብቻ አይበቃም።

ማታ ከጨመሩት ጠዋት ያገኟቸዋል። የመጀመሪያዎቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ አብዛኞቹ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይወጣሉ። ባትሪ ከጎን ሲያበሩ በሻይ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ሁለት የሚያብረቀርቁ ዐይኖች ይታዩዎታል፤ ሌላው አካል ግልጽ ስለሆነ ከሩቅ አይለይም። በመረብ አያውጧቸው፤ በሾርባ ማንኪያ ከነውሃቸው እየጨለፉ ያሻግሯቸው። ዐይናቸው የደረሰ ሆነው ሳለ መውጣት የሰነፉ ካሉ የደቀቀ የዓሣ ምግብ በጣም ትንሽ ቆንጥረው ውሃው ላይ ይበትኑ፤ ምግቡ ሲበሰብስ የውሃው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ጫጩቱ ይነቃና ቅርፊቱን ይበሳዋል። በዚህ ጊዜ ግን አጠገቡ ሆነው ይከታተሉ፤ የወጡትን ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ ማሻገር አለብዎት።

በሆዳቸው የሚንፏቀቁ ጥቂት ጫጩቶች በማንኛውም ጊዜ ይኖራሉ፤ ከመቶ አምስት ቢሆኑ አይደንግጡ። የአየር ከረጢታቸው አልሞላም፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ካልተነሡ መድኀኒት የለውም። ከእነርሱ መካከል በልቶ የሚያድግ ቢገኝ እንኳ ለዘር ባያስቀሩት ይሻላል። ግማሾቹ እንደዚያ ከሆኑ ግን ከሦስቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ፒቱ ያለጊዜው ውሃ አግኝቷል፣ ወይም ደርሶ ሳለ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ጫጩቱ አስኳሉን ጨርሶ ደክሟል፣ ወይም ውሃው ጥልቅ ነበር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አርቴሚያ ጠዋትና ማታ፣ ከተቻለም እኩለ ቀን ላይ ይስጧቸው። በቂ መብላታቸው ከሆዳቸው ይታወቃል፤ ከበሉ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሆዳቸው ክብ ሆኖ ብርቱካንማ ይመስላል። ብርቱካንማ ሆድ ያላየሁበትን ጫጩት እንደታመመ እቆጥረዋለሁ። ያልተበላው አርቴሚያ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሰዓታት በላይ ስለማይኖር፣ የሞተውን ወለሉ ላይ ሳይበሰብስ በአየር ቱቦ እየሳቡ ያውጡ፤ የወጣውንም ውሃ ሙቀቱ እኩል በሆነና ክሎሪን በሌለው ውሃ ይተኩ። በየቀኑ አምስተኛውን ያህል መለወጥ ለእነዚህ ዓሦች ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል። አንድ ሳምንት ሲሞላቸው ከ10 እስከ 20 ሊትር ወደሚይዝ የመስታወት ገንዳ ያዛውሯቸው፤ ከዚያ በኋላ አየር ቀስ ብሎ የሚያልፍበት የስፖንጅ ማጣሪያ ሊገባላቸው ይችላል። ክዳን አይርሱ፤ ይዘላሉ።

በዚህ ዕድሜ የሚፈራው በሽታ ቬልቬት ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ሦስት ሳምንት የሞላቸውን ጫጩቶች በሙሉ ያጣሁት በእርሱ ነው። ክንፋቸውን አጣጥፈው ሲቆሙ የደከሙ መስሎኝ ዝም አልኳቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሌሊት መብራት አጥፍቼ ባትሪ በአግድም ሳበራባቸው ሰውነታቸው ላይ የወርቅ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ረፍዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለኖቶብራንኪየስ ውሃ ሁልጊዜ ለአምስት ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም ለአንድ ሊትር አንድ ግራም ገደማ፣ እጨምራለሁ። እርስዎም ከመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ያድርጉ፤ ውሃ ሲለውጡ ግን ጨው የሚጨምሩት ለተተካው ውሃ ብቻ ነው።

እድገታቸው ያስገርማል። የዚሁ ወገን የሆነውና በ1968 እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ ጎናሬዡ የተሰበሰበው ኖቶብራንኪየስ ፉርዘሪ በሞዛምቢክ ኩሬዎች ውስጥ ከተፈለፈለ በ14 ቀን ለመራባት እንደሚደርስ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በጀርመን ኮሎኝና ዬና ያሉ ተመራማሪዎች እርጅናን የሚያጠኑበትም ዕድሜው በጣም አጭር ስለሆነ ነው። ጉንተሪ ያን ያህል አይፈጥንም፤ ቢሆንም በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ወንዶቹ ቀለም ያወጣሉ፤ ጭራቸው ይቀላል፤ ሴቶቹ ግራጫ እንደሆኑ ይቀራሉ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ዕንቁላል መጣል ይጀምራሉ። እንዲህ ለሚሮጥ ሰውነት አንድ ቀን መራብ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው ሲቀር በሁለት ሳምንት ውስጥ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። ስለዚህ ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ በመጠን እየለዩ ለየብቻ ያሳድጓቸው። በዚያው ጊዜ ከአርቴሚያው በተጨማሪ ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትና የተከተፉ ጥቃቅን ትሎች መስጠት ይጀምሩ። ደረቅ ምግብ ግን ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አይነኩትም።

በመጨረሻ፣ ጫጩቶቹን ካወጡ በኋላ የቀረውን ፒት እንዳይጥሉት። ያረፉት ዕንቁላሎች አሁንም እዚያ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያውን ከረጢት ፒትም ጓሮ አፍስሰውት ከሆነ አሳዝኖኛል፤ ካልደፉት ግን ይፈልጉት። በጥሩ መረብ ያጥልሉት፤ በእጅዎ ጨምቀው በጋዜጣ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ይዘርጉት፤ ያው የቡና አተላ ያልኩት እርጥበት ላይ ሲደርስ መልሰው ከረጢት ውስጥ ይክተቱት። ከረጢቱ ላይ የዝርያውን ስም፣ የተሰበሰበበትን ቦታ መለያ ከሻጩ ተሰጥቶዎት ከነበረ እርሱን፣ እንዲሁም ውሃ ያገኘበትን ቀን ይጻፉ። ከምድር ቤቱ አውጥተው 24 ዲግሪ ያለው መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ካለፈ በኋላም ያንኑ ነጭ ሳህንና ያንኑ አጉሊ መነጽር ይዘው እንደገና ዐይናቸውን ይመልከቱ።